የአባባ ግራ ዓይንና የጨረር ወሬ

ምክሩ የመጣው ከቨርጂኒያ ነው። የአክስቴ ልጅ ደውሎ «የአባባን ዓይን በቢላ እንዳታስነኪ፣ እዚህ ሁሉም በጨረር ሆኗል፣ ብሩን እኔ እልካለሁ» አለኝ። ልጁ ደግ ነው፤ እልካለሁ ካለ ይልካል። እኔ ደግሞ ያን ቀን ገና አባባን ደብረ ብርሃን አስመርምሬ መመለሴ ነበር። ሐኪሙ ሞራ የጋረደውን ግራ ዓይናቸውን በማሽኑ ረዥም ጊዜ አይቶ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ «ይሄኛው ክፉ ዓይን ነው» ብሎኛል። ክፉ ዓይን ሲባል እኛ አገር ሌላ ነገር ስለሆነ አክስቴ ወሬውን ስትሰማ አማተበች። እሱ ግን ለቀዶ ሕክምና አስቸጋሪ ነው ማለቱ ነበር።

በዚያ ጭንቀት ላይ ጨረር የሚለው ቃል ሲመጣ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ጨረር ንጹሕ ነገር ይመስላል። ደም የለውም፣ እጅ አይንቀጠቀጥበትም። ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ስጠይቅ፣ ሳነብና ስመላለስ ያወቅሁትን፣ ወላጆቻቸው ሞራ ይዟቸው በተመሳሳይ ወሬ ለሚዋልሉ ሰዎች ቢጠቅም ብዬ ነው። ሐኪም አይደለሁም። አባት ያለኝ ሰው ነኝ።

ቀኙ ዓይን እንዲህ አላስቸገረንም። ከሦስት ዓመት በፊት የዓይን ዘመቻ መጥቷል ተብሎ ተነገረ፣ አባባ ከመሐል ሜዳ ከአራት አዛውንቶች ጋር በአውቶቡስ ወረዱ፣ የሚገፈፈው ዓይን የትኛው እንደሆነ እንዳይሳሳት ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ተለጠፈባቸው፣ ተራ ጠበቁ፣ ገቡ፣ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ወጡ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያዩት የነርሷን ጥርስ ነው። «ጥርስሽ ያምራል» አሏት። እማዬ ይቺን እስካሁን አልረሳችላቸውም።

ስለዚህ ግራውም እንዲሁ ቀላል ይሆናል ብለን ነበር። ሐኪሙ ግን አራት ነገር ቆጠረልኝ።

አንደኛው ጠባሳ ነው። አባባ ልጅ ሆነው ዓይናቸውን ትራኮማ ታመው ነበር፤ የግራው መስታወት፣ ማለትም ኮርኒያው ላይ፣ ጭጋግ የመሰለ ነጭ ጠባሳ ትቶ አልፏል። ሁለተኛው ሞራው ራሱ በጣም በስሏል፤ ነጭ መሆኑን አልፎ ቡናማ ሆኗል፣ ጠጣር ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነው። በብሌኑ ዳር ዳር ላይ ነጭ ብናኝ ተነስንሷል። «ፎረፎር በለው» አለኝ ሐኪሙ፣ ከዚያ እኔ ሴት መሆኔ ትዝ ብሎት «በይው» ብሎ አረመ። ስሙ ሱዶኤክስፎሊየሽን ይባላል። አንድ ፊንላንዳዊ ሐኪም፣ ሊንድበርግ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ነው መጀመሪያ የገለጸው። እኛ አገር ደግሞ ብርቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ምኒልክ ሆስፒታል ሞራ ሊገፈፉ ከተመዘገቡ ሰዎች 39 በመቶ ገደማው ላይ አግኝቶታል። ከአሥር ሰው አራቱ ማለት ነው! ብዙ ፀሐይ የሚያገኘውን ሰው ይበልጥ ይይዘዋል ብለው የሚጠረጥሩ ተመራማሪዎች አሉ። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባርኔጣ ሳያደርግ ስድሳ ዓመት ያረሰ ሰው ስንት ፀሐይ እንደጠጣ አስቡት።

አራተኛውን ልመለስበት ነው፤ እሱ ያሳቀን ነው።

መጀመሪያ ግን ፎረፎሩ ለምን እንደሚያስፈራ። የዓይን ሌንስ በውስጡ እንዴት እንዳለ የገባኝ በባቄላ ንፍሮ ነው። የተነፈረ ባቄላ ስትበሉ ልጣጩን ጫፉ ላይ ትነክሱና ፍሬውን ገፋ ስታደርጉት ወጥቶ ልጣጩ ባዶውን ይቀራል አይደል? የሞራ ቀዶ ሕክምናም ይኸው ነው። ሌንሱ በስስ ከረጢት ተሸፍኗል። ሐኪሙ የከረጢቱን ፊት በክብ ይቀድና የጠቆረውን ፍሬ ያወጣል፤ ባዶው ከረጢት ውስጥ ሰው ሠራሹን ሌንስ ያስቀምጣል። ከረጢቱ ደግሞ አየር ላይ አልተንሳፈፈም፣ እንደ ድንኳን ዙሪያውን በስስ ክሮች ተወጥሮ ነው የቆመው። ፎረፎሩ እነዚህን ክሮች ያላላቸዋል። ፍሬውን ስትገፉ ክሩ ቢበጠስ ከረጢቱም ፍሬውም ወደ ዓይን ጀርባ ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ ሌላ ሐኪም፣ ሌላ ማሽን፣ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ፎረፎር ያለበት ብሌን በጠብታ በደንብ አይከፈትም። በጠባብ ቀዳዳ፣ በላላ ክር ላይ፣ ጠጣር ፍሬ ማውጣት። ክፉ ዓይን ማለት ይሄ ነው።

አሁን አራተኛው። ሐኪሙ ድንገት ዞር ብሎ «አባት፣ የሽንት መድኃኒት ይወስዳሉ?» አላቸው። አባባ ዝም። እኔን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ። «ልጄ ትውጣ» አሉ። ወጣሁ። በኋላ ሐኪሙ ነው የነገረኝ፤ ለፕሮስቴት የሚሰጥ ታምሱሎሲን የሚባል ክኒን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲወስዱ ኖረዋል፣ ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም። ይሄ ክኒን የብሌኑን ዙሪያ ጡንቻ ያልፈሰፍሰዋል። ቀዶ ሕክምናው ላይ ባለቀለሙ የዓይን ክፍል እንደ እርጥብ ጨርቅ ይውለበለባል፣ ብሌኑም መሐል ላይ ይጠባል። አሜሪካ ያሉ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2005 ነው ይሄን ነገር ለይተው ያሳወቁት። ክኒኑን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማቆም ችግሩን ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ግን ተዘጋጅቶ ይገባል። ኧረ እባካችሁ፣ አባቶቻችሁን ጠይቁ። ራሳችሁ ካፈራችሁ ወንድማችሁ ይጠይቅ።

ወደ ጨረሩ እንሂድ።

የአክስቴ ልጅ የሚለው ጨረር ፌምቶሰከንድ ሌዘር ነው። ፌምቶሰከንድ ማለት አንድ ሰከንድ ለሚሊዮን ተከፍሎ፣ ያቺ ክፋይ እንደገና ለቢሊዮን ስትከፈል ነው። ለሰው ሞራ መጀመሪያ የተጠቀሙበት ቡዳፔስት ውስጥ ዞልታን ናጅ የሚባሉ ሐኪም ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2008። እኔ ጨረሩ ሞራውን አቅልጦ የሚያጠፋው ይመስለኝ ነበር። አያጠፋውም። የሚሠራው ሦስት ነገር ነው፤ የመግቢያ ቀዳዳውን ይቆርጣል፣ የባቄላውን ልጣጭ ፊት በልክ በክብ ይቀድዳል፣ ፍሬውን ደግሞ እንደ ዳቦ ይከፋፍለዋል። በቃ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ወደ ቀዶ ሕክምናው አልጋ ይሄድና ሐኪሙ በእጁ ገብቶ ቁርጥራጩን በፋኮ ማሽን ይመጠዋል። እጅ አልቀረም ማለት ነው።

ፋኮ የምለው ፍሬውን በአልትራሳውንድ ንዝረት ሰባብሮ የሚመጠውን መሣሪያ ነው። ቻርልስ ኬልማን የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 ነው ያመጡት፤ ሐሳቡ የመጣላቸው ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸው በንዝረት ሲጸዳ ነው ይባላል። ጥርስ በቤታችን ዓይን ታሪክ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ መጣ።

እና ጨረሩ ያን ያህል ይሻላል? እንግሊዝ ውስጥ 785 ሰዎችን፣ ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ከ900 በላይ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሹን በጨረር ታግዘው፣ ግማሹን በተለመደው ፋኮ ሠርተዋቸዋል። የሁለቱም ውጤት እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ። የማየት አቅማቸው ላይ ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ፈረንሳዮቹ በዋጋውም ቢሆን አያዋጣም ብለው ነው የደመደሙት። እንግዲህ በእነዚያ አገሮች፣ በመድን፣ በሁሉም ነገር ሙሉ በሆነበት ቤት ካላዋጣ፣ በእኛ ኪስ ምን ሊሆን ነው?

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ለራሴ ተሟገትኩ። እነዚያ ጥናቶች በብዛት ያዩት ተራውን ሞራ ነው። የአባባ ደግሞ ተራ አይደለም። ምናልባት ጨረሩ ጥቅሙ የሚታየው በክፉ ዓይን ላይ ቢሆንስ?

ለአንዳንዱ ክፉ ዓይን እውነት ነው። ሞራው ውኃ ቋጥሮ አብጦ ወተት የመሰለ እንደሆነ፣ ከረጢቱ በግፊት የተወጠረ ስለሆነ በእጅ ሲነካ ከመሐል ወደ ዳር ሊቀደድ ይችላል፤ ጨረሩ ግን በቅጽበት ክቡን ይጨርሰዋል። ክሮቹ ለላሉበትም ዓይን ከረጢቱን ሳይጎትት መቅደዱ ጥሩ ነው የሚሉ ሐኪሞች አሉ። የኮርኒያቸው ውስጠኛ ሕዋሳት የሳሱ ሰዎች ደግሞ ፍሬው ቀድሞ ከተከፋፈለ ንዝረቱ ይቀንስላቸዋል።

ነገር ግን ጨረር ብርሃን ነው። ብርሃን የሚሄደው ክፍት መንገድ ሲያገኝ ነው። ኮርኒያው ላይ ጠባሳ ካለ ጨረሩ እዚያው ይበተናል። ብሌኑ በጠብታ ካልተከፈተ ጨረሩ ከጀርባው ያለውን አይደርስበትም፤ አምስት ሚሊ ሜትር ክብ ለመቅደድ ከዚያ የሰፋ በር ይፈልጋል። ሞራው ድፍን ነጭ ከሆነ ልጣጩን ይቀድና ፍሬው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ይባስ ብሎ ጨረሩ ራሱ ብሌኑን ያጠበዋል፤ የዓይኑ ውስጥ ይቆጣና ብሌኑ ይጨማደዳል። ማሽኑ ዓይንን በመምጠጫ ጨብጦ ስለሚይዝ ለዚያች ጊዜ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሰውየውም በጀርባው ተዘርግቶ ጸጥ ማለት አለበት። አባባ ጀርባቸው ከጎበጠ አሥር ዓመት አልፎታል።

ዝርዝሩን ከአባባ ዓይን ጋር ሳስተያየው ሳቄ መጣ። ጠባሳ፣ ጠባብ ብሌን፣ ጠጣር ፍሬ፣ ጎባጣ ጀርባ። ማሽኑ የሚፈልገው ጥሩ ዓይን ነው፤ ጥሩ ዓይን ያለው ሰው ደግሞ ማሽኑን አይፈልገውም። እርግጥ ትንሽ አጋነንኩ፣ ከላይ ያልኳቸው ዓይነት ሕመምተኞች አሉ። የአባባ ዓይን ግን ከእነሱ ወገን አልነበረም።

ይሄን ሁሉ ከማወቄ በፊት ግን አዲስ አበባ ወርጄ አንድ የግል ክሊኒክ ሄጃለሁ። ስሙን አልጠራም። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ «ሞራ በጨረር? አለን» አለችኝና አንድ ጥንድ በሬ የሚያሸጥ ዋጋ ነገረችኝ። ምርመራውን ከፍዬ ካርድ አወጣሁ። ውስጥ ያለው ሐኪም፣ እሱ ደግነቱ ሐቀኛ ነው፣ «ማሽናችን ያግ ሌዘር ነው፣ ሞራ አያወጣም» አለኝ። ያግ ሌዘር ማለት ሞራ ከተገፈፈ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የቀረው ልጣጭ ጀርባ ሲደበዝዝ መሐሉን የሚከፍት ጨረር ነው። ደቂቃዎች የሚፈጅ፣ ጥሩና ጠቃሚ ነገር። ግን ሌላ ነገር! «በጨረር ተሠራልኝ» ከሚሉን ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ የተሠራላቸው ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ይህን የሚያስረዳ አንድ መስመር ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ቢለጥፉ ምን ነበረበት? የካርድ ብሬን አልመለሱልኝም። ተናድጄ ነው የወጣሁት፣ አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ።

በመጨረሻ የደብረ ብርሃኑ ሐኪም በጻፈልን ሪፈር አዲስ አበባ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ገባን። ወረፋው ረዥም ነው፣ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። የተቀበሉን ዶክተር ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ስለ ጨረር ጠየቅኳቸው፣ ከላይ የጻፍኩትን ግማሹን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። እንዴት ሊሠሩት እንዳሰቡ ስጠይቃቸው ደግሞ ፋኮውንም ተዉት። ፍሬው በጣም ስለጠጠረ ለመሰባበር ብዙ ንዝረት ይፈልጋል፣ ያ ንዝረት ደግሞ ቀድሞ የተጎዳውን ኮርኒያ ይጎዳዋል አሉ። ነጩ የዓይን ክፍል ላይ ስድስት ወይም ሰባት ሚሊ ሜትር የምትሆን መግቢያ ሠርተው ፍሬውን እንዳለ በእጅ ሊያወጡት ነው። መግቢያዋ ውስጥ ለውስጥ ስለምትሄድ ያለ ስፌት ራሷን ትዘጋለች። ዘመቻው ላይ ቀኙ ዓይን የተሠራበት ያው መንገድ!

እኔ ለደሃ የተበጀ ሥራ አድርጌ ነበር የማየው። ኔፓል ውስጥ ሳንዱክ ሩይትና ባልደረቦቻቸው 108 ሰዎችን ይዘው ይሄንን በእጅ የሚሠራውን ከፋኮ ጋር አወዳድረውታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ውጤት ከስድስት ወር በኋላ በሁለቱም በኩል 98 በመቶው በመነጽር ጥሩ እንዳዩ ያሳያል። በእጅ የሚሠራው ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ሲወስድ ፋኮው ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ ወስዷል። በርካሽነቱማ አይወዳደሩም።

የአባባ ግን ዘጠኝ ደቂቃ አልነበረም። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆጠርኩት። ከጀርባቸው ሥር ትራስ ተደርጎላቸው በግማሽ ጎን ነው የተኙት። በኋላ ዶክተሯ እንደነገሩኝ ብሌኑ እንደፈሩት አልከፈት ሲል በትንንሽ የፕላስቲክ መንጠቆዎች ዙሪያውን ጎትተው አሰፉት፣ ልጣጩ በጠባሳው ውስጥ አልታይ ስላለ በሰማያዊ ቀለም ነከሩት፣ ክሮቹ አንድ በኩል ላልተው ስላገኟቸው ከረጢቱን ከውስጥ የሚወጥር ስስ ቀለበት አስገቡ። ቀለበቱ ቀድሞ ተገዝቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ያን ቀለበት በደረሰኝ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ከሆስፒታሉ ውጭ ካለ መድኃኒት ቤት፣ «ላያስፈልግ ይችላል፣ ግን ይኑር» ብለውኝ። ያስፈራቸው ነገር ሁሉ ሆነ፣ ለሁሉም ተዘጋጅተው ነበር። የአራት ነገር ዝርዝሩ ባይኖር፣ ክኒኑ ባይታወቅ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ ሌሊት።

ፋሻው ሲነሳ አባባ እንደ ባለፈው ጥርስ አላዩም። ጠባሳው አለ። ዶክተሯ ቀድመው ነግረውናል፤ «ፍሬውን ነው የምናወጣው፣ መስታወቱን አንቀይርም»። ጣት ይቆጥራሉ፣ ፊት ይለያሉ፣ ደረጃ ይወርዳሉ። ቀድሞ በዚያ ዓይን የሚያዩት ብርሃንና ጨለማን ብቻ ነበር።

ከዚያ ምክሩ መጣ። ለወር ያህል ውኃ ዓይን እንዳይነካ። አባባ በየዓመቱ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የሚሄዱ ሰው ናቸው። ዶክተሯ አልተቆጧቸውም፣ «ይጠጡት አባት፣ ዓይንዎ ላይ ብቻ አይርጩት» አሏቸው። ስግደትም ይቅር ተባለ፣ ጎንበስ ማለት ግፊት ያመጣል። እሱ ከጠበሉ ይልቅ ከበዳቸው፤ ዓቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ንስሐ አባታቸው ፈቀዱላቸው፣ ቆመው ጸለዩ።

የአክስቴ ልጅ ደውሎ «በጨረር ነው አይደል?» አላቸው። አባባ ስልኩን እያራቁ እያቀረቡ «በሜንጦ ነው» አሉት። ሜንጦ አይደለም አባባ፣ መንጠቆ ነው ብል ማን ሊሰማኝ። አሁን መሐል ሜዳ ያለ ሰው ሁሉ የእሳቸው ዓይን በሜንጦ እንደወጣ ነው የሚያወራው።

ፎረፎሩ ሞራው ስለወጣ አይጠፋም፣ ግላኮማም፣ ማለትም የዓይንን ነርቭ የሚጎዳውን የግፊት በሽታ፣ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የሁለቱንም ዓይን ግፊት በየጊዜው ማስለካት አለብን፣ ቀኙንም ጭምር። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ደብረ ብርሃን ነው። አባባ የክኒናቸውን ቅጠል በመሐረብ ቋጥረው ኪሳቸው ውስጥ አስቀምጠዋል፤ ሐኪም በጠየቀ ቁጥር ሳይናገሩ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያደርጉታል።